የሐኪሟ ለቅሶ

ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐመልማል "ሐኪሟን እንኳ ተይልኝ፣ እታለም" ብላ ታላቅ እህቷን ለመነቻት። እህትማማቾቹ በየፊናቸው የሚሥሏቸውን የልዕለ ጀግና ቡድኖች በአንድ የሥዕል መጽሐፍ እያዋጉ ነበር። የሞተ ጀግና አይነሳም የሚለውን ሕግ ያወጣችው ታላቅየዋ ናት። ከሐመልማል ቡድን የቀረችው ሐኪሟ ብቻ ነበረች፤ የራሷን መልክ ሰጥታ የሣለቻት።

"ጦርነት ነው የኔ እናት፣ ልመና የለም" አለች ታላቅየዋ፤ እየሳቀችም ሐኪሟን ገደለቻት።

በጥር ሐመልማል ታማ ሆስፒታል ተኛች። ታላቅየዋ የሣለችው ሞት ወደ እህቷ የዞረ መሰላት። ወረቀትና እርሳስ ይዛላት ሄደች።

"ሐኪሟን አስነሻት፤ ሕጉ ይቅር።"

"አይ እታለም፣ ገድለሽ ስታበቂ ነው ሕግ የምትሽሪው? ተራው የኔ ነው፣ ዞር በይ።"

ታላቅየዋ በቀሉን እየጠበቀች ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ወረቀቱ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተሥሏል። ገዳዮቹ፣ የታላቅየዋ ጀግኖች፣ ጭምብላቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጠዋል። አለቃቸው ብቻ አፍራ ደጅ ቆማለች፤ የሐኪሟ እናት እጇን ይዛ "ግቢ ልጄ" ትላታለች።

ሐመልማል በሳምንቱ ዐረፈች። ከቀብር መልስ ታላቅየዋ ቤታቸው በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች፤ እናቷ ወጥታ እጇን ይዛ አስገባቻት።