ከተራራው ጀርባ ያሉት ጉድጓዶች

እትዬ እምቢታ እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው። ስሙንም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው።

የሰፈሩ ምንጭ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ፣ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን መሰለፍ ግድ ሆነ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ልብስ ሰፊው ነው። «ዝናቡ በከንቱ ከሚፈስ መሬት ይጠጣውና ለምንጩ ይትረፍ» ብሎ ሰውን ሁሉ ዶማ አስያዘና ከምንጩ በላይ ያለውን ጥቁር አፈር አስቆፈረ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ማን ይቃወማል?

እትዬ እምቢታ ተቃወሙ። «ኧረ ከአፈሩ ሥር የተራራው ድንጋይ ወዴት እንደዘመመ እዩ!» ቢሉ ተሳቀባቸው። ዶማቸውን ተሸክመው ወደ ተራራው ጀርባ ዞሩና ከድንጋዩ መሀል ብቻቸውን ይቆፍሩ ጀመር።

ከተራራው ጀርባ ደግሞ ያገባች ልጃቸው ትኖራለች። አይ እናት!

ዝናቡ መጣ። የሰፈሩ ጉድጓዶች እስከ አፋቸው ሞሉ፤ እንቁራሪት ሳይቀር ገባባቸው። የእትዬ እምቢታ ግን ማታ ሞልተው ጠዋት ባዶ ናቸው።

ልብስ ሰፊው ወጥቶ አየና ደሙ ፈላ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እርስዎ ግን ሳይስቁም ወሰዱት! የኛን ዝናብ ለልጅዎ ምንጭ? እንደፍነዋለን!»

«እኔ ውስጡ እያለሁ ድፈኑታ!» ብለው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ቆሙ።

ማን ይድፈን? አካፋ የያዘው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ከኛ ምንጭ ጠብታ አይቀዱም።»

«አልቀዳም። አልተውምም!»

ከልጅነታቸው የጠጡት ምንጭ ነውና ከፍቷቸዋል። ቢሆንም ዶማቸውን አላስቀመጡም።

ከዚያ ወዲህ ልጅየዋ ጀሪካን አዝላ ተራራውን እየዞረች ለእናቷ ውሃ ታመጣ ጀመር። ሰፈሩ «ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አለ።

በጋው ገባ። ምንጩ ድሮ በሚነጥፍበት ወቅት፣ ውሃው ከቧንቧው አልፎ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሰው ተቃቀፈ።

«የኛ ጉድጓዶች ናቸው!» አለ ልብስ ሰፊው። «ሄዳችሁ እዩ፣ እስካሁን ውሃቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ጠብታ አላስመለጡም!»

ልጅየዋ ጀሪካኗን አዝላ ስታልፍ አያት። ደስ ብሎታልና ቂሙን ረስቶ ጠራት።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ለእናትሽ ይቅር ብለናል በያቸው፤ ለኛም ተርፎናል። የናንተስ ምንጭ እንዴት ሆነላችሁ?»

ልጅየዋ ጀሪካኗን አወረደች።

«የኛማ ከደረቀ ቆየ፣ ጋሼ፤ ይሄ የወንዝ ውሃ ነው።»