«አዎ» ባዩ ሽማግሌ

ነርሷ የፔኒሲሊኑን መርፌ እንደያዘች ቆመች። አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘርግተውላታል። «ይህን መርፌ ተወግተው ያውቃሉ?» ስትላቸው «አዎ፣ ልጄ» ብለዋታል። «ተስማማዎት?» ስትላቸውም «አዎ፣ ልጄ»። አዎታቸው ግን አልጣማትም። ቀደም ሲል «ቁርስ በልተዋል?» ብትላቸው «አዎ»፣ «ወይስ ባዶ ሆድዎን ነዎት?» ብትላቸውም «አዎ» ነበር መልሳቸው። ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አይ» ማለት ነውር የሚመስላቸው ጨዋ ሰው ነበሩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተስማምቶኛል አሉሽ እኮ» አለ ሐኪሙ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ።

«አንድ ደቂቃ፣ ዶክተር።» መርፌውን ትሪው ላይ መለሰችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ያኔ የተወጉ ዕለት ምን ሆኑ? እስቲ ያጫውቱኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «ኧረ ተዪኝ፣ ልጄ! ከንፈሬ አብጦ አፍንጫዬን አከለ፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ልጆቼ ሞተ ብለው አልቅሰውልኛል። ጥሩ መድኃኒት ነው ስላሉኝ ግን በሽታው እየወጣ ነው ብዬ ቻልኩት።»

ሐኪሙ ሰዓቱን ትቶ ገባ። ካርዱን ተቀብሎ ትእዛዙን ሰረዘ፤ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጣቸው» ብሎ ጻፈና ሌላ መድኃኒት አዘዘ።

«አጠፋሁ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው።

«እርስዎ ምን አጠፉ! አጠያየቅ ያላወቅነው እኛ ነን» አለ ሐኪሙ። ወንበር ስቦ ነርሷ አጠገብ ተቀመጠ። «በሉ አባባ፣ ሌላስ ምን ያልጠየቅንዎት ነገር አለ?»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን አወረዱና ተመቻችተው ተቀመጡ፤ የሚያወሩት ሞልቷቸው ነበር።