ሰቆጣ የሌላት ፏፏቴ

የጥድ በር ከተማ ምክር ቤት ዘንድሮ የያዘው በጀት ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የሚፈለጉት ሥራዎች ግን ሁለት ነበሩ። ላይ ሰፈር የሕዝብ ቦኖ ይተከልልን ይላል። ከንቲባው አቶ ወንዳወቅ ደግሞ መሀል ከተማው እንዲታደስ፣ አደባባዩ ላይም ፏፏቴ እንዲቆም ፈልገዋል። ሰቆጣ ደርሰው በመጡ ቁጥር ሕንፃውንና መብራቱን እያሰቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር የሚመለሱት። ሰቆጣ የሌላት አንድ ነገር እንኳ ይኑረን ይሉ ነበር።

ላይ ሰፈር ውሃ የለውም። ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ፤ ሽቅብ ሲመለሱ ጀሪካኑ ጀርባቸውን ይልጠዋል። የሰፈሩ ተወካይ ይታየሽ ራሷ ከምክር ቤት ወንበር ተነሥታ ቀጥታ ወንዝ የምትወርድ ሴት ናት። ስለዚህ ሰፈሩ በእሷ ተማምኖ ተኝቶ አደረ።

ታች ሰፈር ቦኖ ተተክሎለት ያውቃል። ሪባን ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ፣ ጥቂት ሳምንት ፈሰሰና ነጠፈ። አሁን ወፍ ያርፍበታል። አቤት ሲባል መልሱ ፓምፑ ተበላሽቷል ነው። ላይ ሰፈር ግን የእኛው ይፈስሳል ብሎ ተስፋውን አልቆረጠም።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የምክር ቤቱ አባላት እኩል ለእኩል ተከፈሉ። የቀረችው ይታየሽ ብቻ ሆነች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ለፏፏቴው እጇን አወጣች።

ከንቲባው ራሳቸው ዓይናቸውን ተጠራጥረው የትኛውን ነው ብለው ደግመው አስጠየቋት። ፏፏቴውን አለች።

እሱም አልበቃት። ፏፏቴ ከቆመ አይቀር ቀንም ሌትም ይፍሰስ፤ የደረቀ ፏፏቴ የከተማ ውርደት ነው፤ የሰቆጣ ሰው ይስቅብናል አለች። ያው ውሃ እየዞረ የሚመላለስበት ዓይነት ደግሞ ይሸታልና ከከተማው የውሃ ጉድጓድ በቀጥታ ይምጣ፤ ጠርዙም ለሕፃናት እንዲታይ ዝቅ ይበል አለች። ከንቲባውን ደስታ ሊገድላቸው ደረሰ። እንዲህ ያለ ተወካይ ነው ለከተማ የሚበጀው ብለው ያለችውን ሁሉ አስወሰኑላት።

ላይ ሰፈር በንዴት ታመመ። ወሬው ግን ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። የነጋዴው የዘከሪያ ሱቅ ፊቱ ወደ አደባባዩ ነው። ይታየሽ ከድምፁ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከዚያ ሱቅ ጓዳ እየሳቀች ስትወጣ ታይታለች። ከድምፁ በኋላ ደግሞ ዘከሪያ በአይሱዙ ሙሉ፣ በሸራ የተሸፈነ ዕቃ አስመጣ። ምንድነው ሲሉት ለምርቃቱ ነው እያለ ይስቃል። የካፌ ወንበር ነው ተባለ። በምን እንደገዛት ብቻ ነበር ሳይታወቅ የቀረው።

በማኅበር ቀን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ጎረቤቷ ዝናሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከወንዝ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ተገናኙ።

«እቴ፣ ሸጥሽን ወይ?» አለቻት።

«ፏፏቴው ያምራል» አለች ይታየሽ።

«በዚህ ሆዴ ወንዝ እየወረድኩ እኔ ፏፏቴ ልይ?»

ይታየሽ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ጀሪካኑን ከዝናሽ ጀርባ አውርዳ እስከ ደጇ ተሸከመችላት። ዝናሽ አላመሰገነቻትም።

ፏፏቴው አለቀ። አደባባዩ ከላይ ሰፈር ግርጌ ስለሆነ የውሃው ድምፅ እቤት ድረስ ይሰማል። በመጀመሪያው ማለዳ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተንጋግተው ወረዱ። በማግስቱ «ከፏፏቴው ውሃ መቅዳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ ሁለት ዘበኞችም ዱላ ይዘው ቆሙ። ምክር ቤቱ ክልከላውን ሲያጸድቅ ይታየሽ እጇን ከሁሉም ቀድማ ነበር ያወጣችው። ያን ዕለት ላይ ሰፈር ያልረገሟት ሕፃናቱ ብቻ ናቸው።

የምርቃቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሷው ሆነች። ድንኳኑን አስተካከለች፣ የሰቆጣ እንግዶች ከፊት እንዲቀመጡ አደረገች። ለራሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ሥራ ያለ ቡራኬ አይመረቅም፤ መምሬ ቢያዝን ይምጡና ጸሎቱን ያድርሱልን፤ ታዲያ ከዳር ከዳር ሳይሆን ሙሉውን አለች። ከንቲባው ወደዱት። እንደ ጥምቀት ደምቆ የሰቆጣ ሰው ይይልን ብለው ራሳቸው ደብሩ ድረስ ሄደው መምሬን ለመኗቸው። መምሬ ቢያዝን ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡና እሺ አሉ።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ጥላው ሁሉ ወጣ። ፏፏቴው ሽቅብ እየተወረወረ ይንፎለፎላል። ከንቲባው ረጅም ንግግር አድርገው ሪባን ቆረጡ፤ ሰቆጣንም በስም ሳይጠሩ ደጋግመው አነሷት። ላይ ሰፈር ከኋላ አኩርፎ ቆሟል። ዘከሪያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የሸራውን ገመድ ይፈታል፤ ከሥሩ ብቅ ያለው ግን የካፌ ወንበር ሳይሆን ባዶ ጀሪካን ነው።

መምሬ ቢያዝን ጸሎቱን አንድም ሳያስቀሩ አደረሱ። መስቀላቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ከንቲባው ኮታቸው እየራሰ ጎንበስ ብለው ተረጩ፤ አሜንም ከሁሉም ጮክ ብለው አሉ።

በዚህ መሀል ዝናሽ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ጀሪካን ይዛ ሰዉን እየሰነጠቀች ወደ ጠርዙ ቀረበች። ዘበኛው ዱላውን አነሣ።

«ዝቅ አድርገው ልጄ» አሉት መምሬ ቢያዝን፣ «ይኸ እኮ ከእንግዲህ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ አይከለከልም።»