ሰማያዊ ዓሣ ያለበት ሳህን

ኑ፣ ጠጋ በሉልኝ፤ ወለሉ ከሥሩ በእሳት ሞቋል። ወቅቱ ጎመን በጨው የሚታሽበት፣ ባሕሩም የሚያኮርፍበት ነበር።

በዚህችው በኮሪያ ደሴታችን ማልሱን የምትባል ሴት አለች። ልጇ ግዩሆ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ጳጳሱ ራሳቸው ሊመጡ! ጀልባቸውን ግን ማዕበሉ ሁለት ቀን አገደባት።

የማልሱን ጭንቅ ጎረቤቷ ነበሩ፤ አሮጊቷ አዋላጅ፣ እማማ ኦክቡን። ጎህ ሲቀድ የአኩሪ አተር ማሰሮዎቻቸው ላይ ንጹሕ ውሃ በነጭ ሳህን ያስቀምጣሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የጥንቶቹን መናፍስት ነው የሚለምነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ናቸው!

«እማማ፣ ጳጳሱ እስኪሄዱ እንኳ ይተዉት» አለች ማልሱን። «በእርስዎ ሳህን የተነሳ ልጄ ሹመቱን ሊያጣ ነው።»

«ጀልባ ባይደርስስ?»

«ጀልባና ውሃዎ ምን አገናኛቸው?»

«ምጥ ቀን ጠብቆ ይመጣል እንዴ? ሂጂ፣ ጎመንሽን በጨው እሺ!»

‹ጃጅተዋል› አለች ማልሱን በልቧ። በደሴቷ ላይ ሕፃን ካለቀሰ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ግዩሆ ሳቀባት። «እማዬ፣ የሚሾሙት እኔን ነው ወይስ ሳህኑን?»

ጳጳሱ በደረሱ ዕለት ማልሱን ሳህኑን ሰረቀች። ውሃውን ደፍታ በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ ኪምቺ፣ ሞላችበት፤ ማንም እንዳይለየው ከማዕዱ መሃል አስቀመጠችው። ብልጥ መሆኗ እኮ ነው!

ጳጳሱ በሉ፣ በሉ፤ በርበሬው እንባ አመጣባቸው። ሳህኑ ሲራቆት፣ ከሥሩ ጅራቱ የተሸረፈ ሰማያዊ ዓሣ ብቅ አለ። ጳጳሱ ማኘካቸውን ተዉ።

«ይህ የማን ነው?»

ማልሱን አንገቷን ደፋች። «የእማማ ኦክቡን ነው። መናፍስት ይለምኑበታል። አባታችን፣ በእሳቸው ጥፋት ልጄን አይቅጡብኝ!»

ጳጳሱ ሳህኑን ይዘው ወደ ጎረቤት ግቢ ወጡ። ማልሱን አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ከኋላቸው ሮጠች።

ግዩሆ በማግስቱ ቅስናውን ተቀበለ፤ ዛሬም እዚሁ ያገለግላል። እማማ ኦክቡን ከሦስት ክረምት በኋላ በሰላም አረፉ። ሳህኑን አሁን ጎህ ሲቀድ የምትሞላው ማልሱን ናት፤ አንድም ቀን አታስተጓጉል። ያን ዕለት ግን ከጓሮው ቆማ የሰማችው ይህን ነው፤ ጳጳሱ ሽበታቸውን ዝቅ አድርገው ተንበረከኩና፦

«እማማ፣ ጅራቱ ስለተሸረፈው ዓሣ እናቴ ነግራኛለች፤ ጀልባው ቄስ ሳያመጣ፣ እዚህ ትንፋሽ አጥቼ ስወለድ፣ ሳልጠመቅ እንዳልሞት በዚህ ሳህን ውሃ ያጠመቁኝ እርስዎ ነዎት።»