አራት እጆች

የልደታን ጽዋ የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን በቤቱ ይደግሳል፤ ተራው የትርሲት ነበር። የማኅበሩ ሙሴ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው ፊቷ ሲቆሙ፣ እጇን ከነጠላዋ ሥር ማውጣት አቃታት። ሥራ ከፈታች ወዲህ ጓዳዋ ባዶ ነው፤ ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየሟም ሠላሳ ሰው አይችልም።

"አባቴ፣ እኔን ይለፉኝ" አለች አንገቷን ደፍታ።

ሙሴው ንቅንቅ አላሉም። አጠገቧ የቆመችው ጎረቤቷ የትርሲትን እጆች ከነጠላው አውጥታ ከሥር በራሷ እጆች ደገፈቻቸው።

"በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው" አለቻቸው። "ሁለቱንም እንከፍታለን። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፤ ወጡን አብረን እንሠራለን።"

ትርሲት "ተመስገን" አለች። ሙሴው ጽዋውን በአራቱ እጆች ላይ አኖሩት።