የተረጋጋ እሺታ

«እስማማለሁ» አለች እማዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። እጇ ላይ የታሰረው አምባር እንደገና ቀይ በራ።

«ልብዎ ፈርቷል» አለ ሐኪሙ። «በፍርሃት የተሰጠ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ በአዲሱ ሕግ አይጸናም። ተረጋግተው ይመለሱ።»

«ሆዷን ልትቀድዳት እየተዘጋጀህ እንዴት ትረጋጋ? ዕጢው እኮ አይጠብቅም!» ጮህኩበት።

ቤት ገብተን ደግሞ እሷኑ ተቆጣኋት፤ ፍርሃቷ ባሰባት።

በሳምንቱ ጠዋት የሰርጓን ሰሃኖች አውጥታ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዝማም ሰጠች። «ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል?» አለችኝ።

ሆስፒታል ደርሰን «እስማማለሁ» ስትል አምባሩ አረንጓዴ በራ።

«እሰይ! አሁን ተረጋግተዋል» አለ ሐኪሙ።

ተስፋ መቁረጧ ያን ጊዜ ገባኝ። እጇን ያዝኩት። «እማዬ፣ ሰሃኖቹን አስመልሳለሁ። ስትድኚ ልጆቼን የምታበያቸው በእነሱ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አምባሩ ቀላ።