የሼዱ ድምፅ

«ቱሪያ፣ አንቺ በሩ ጋ ተቀመጪ» አለኝ ሰይፈ ሚካኤል። ሲንጀሬን፣ በእግር የምትረገጠዋን የስፌት መኪናዬን፣ በሁለት ሰው ከባጃጁ አስወርዶ ቦታውን ራሱ መረጠላት። የባጃጁንም ሂሳብ የከፈለው እሱ ነው። የመንግሥት ሰው ለኔ ባጃጅ ሲከፍል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም።

እኔ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ በረንዳ ላይ ሱሪ እያሳጠርኩ የምኖር ሴት ነኝ። ከውጭ የሚገባው ጂንስ ሁሉ ለድሬ ልጅ ይረዝማል፤ ሱቁ ይሸጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ ልጆቼ ይበላሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ደንብ ወጣ ተባለና በረንዳ ላይ መስፋት ተከለከለ። ምን ሊውጠኝ ነው ስል ይሄው ሰይፈ ሚካኤል ከሥራ ፈጠራ ቢሮው መጣ። «አይዞሽ፣ ሳቢያን ሠፈር አዲስ የስፌት ሼድ ሠርተናል። በጀት የምትመድብ እንግዳ ልትጎበኘው ስለሆነ ከነሲንጀርሽ ነይ፤ መስፊያ የምትሆንሽን የጎን ክፍል ቁልፍ እዚያው እሰጥሻለሁ።» ኧረ አቦ! የነበረኝን ሥራ ደንብ አውጥተው ነጥቀው በሼድ ሊፈጥሩልኝ! ግን ምን ላድርግ፣ ሌላ ቦታ የለኝም፣ መጣሁ።

ሰዓቱ ራሱ አላማረኝም። ቀን ሰባት ሰዓት! በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ፍየል እንኳን ከጥላ አትወጣም።

«አሁን ማን ይሰፋል?» አልኩት።

«እንግዳዋ ከአዲስ አበባ ናት፤ አታውቅም።»

ውስጥ ስምንት ልጆች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጋዎን ለብሰው፣ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ማሽን ፊት ተደርድረዋል። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ቀና አልኩ። ጣሪያው ላይ ሦስት ፋን ተሰቅሏል፣ አንዱም አይዞርም።

«ፋኑን ለምን አታበሩትም?»

«ድምፁ ንግግር ይረብሻል» አለ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ።

ወላሂ፣ ድሬ ላይ ለቅሶ ቤት እንኳን ፋን አይጠፋም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ አየኋት። ማርቲ ናት፣ የሠፈሬ ልጅ፤ ኮሌጅ ጨርሳ ስንት ጊዜ ቤት የተቀመጠች። «እውነቱን ንገሪኝ እስቲ» ብላት አንገቷን ደፋች።

ደጅ ላንድክሩዘር ቆመ። ሰይፈ ሚካኤል ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝና «በይ ጀምሪ» አለኝ።

ረገጥኩ። ሲንጀሬ ቀርርር ብላ ሼዱን ሞላችው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ አይደል፣ አንዷ እንደ አሥር ትጮሃለች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ማርቲ ማሽኗ ሳይዞር ጨርቁን ብቻ ትገፋለች። እኔ ስፈጥን ትፈጥናለች፣ ስዘገይ ትዘገያለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ስምንት ልጅ በኔ እግር ይሰፋል! ለካ የፈለጉት እኔን ሳይሆን መብራት የማትጠይቀዋን ሲንጀሬን ነው።

ወደ ማርቲ ዘንበል አልኩ። «መብራት የለም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሼዱ ከተመረቀ ጀምሮ አልገባም» አለች ማርቲ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «በናትሽ እንዳታቆሚ። ጉብኝቱ ካማረ በጀት ይለቀቃል፣ መብራት ይገባላችኋል ብለውናል። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ ተስፋ የለኝም።»

«አንቺ ሞኝ! ሼዱ እየሠራ ነው ከተባለ ማን መብራት ያስገባል?»

 ጨርቁ ጠመመባት፤ አቃንታ መግፋቷን ቀጠለች።

እንግዳዋ ላቧን በሶፍት እየጠረገች ገባች። ክፉ ሴት አትመስልም። እንዲያውም አሳዘንናት። «በዚህ ሙቀት! ጎበዞች! ለስንት ሰው ሥራ ተፈጠረ?»

«ለዘጠኝ» አለ ሰይፈ ሚካኤል።

ዘጠኝ? ልጆቹ ስምንት፣ እኔ ዘጠኝ። ልጆቼን ያሳደግኩበት ሥራ ዛሬ ተፈጠረ ማለት ነው። አስተግፊሩላህ! ልጮህ ነበር፣ ግን ቁልፉ እጁ ላይ ነው። መርገጤን ቀጠልኩ።

እንግዳዋ አንድ ሁለቴ ዞር ዞር አለችና ፈገግ አለች። «ደስ ይላል። እዚህ የጎደለ ነገር የለም። ለዚህ የተያዘውን በጀት ሥራ ገና ላልጀመሩት ሼዶች ብናዞረው ይሻላል።»

ሰይፈ ሚካኤል ቁልፉን በእጁ ማገላበጥ ያዘ። መብራት የለም ቢል ውሸቱ ሊወጣ ነው። ማርቲም ሰምታለች። ፊቷን አላዞረችም፣ ጨርቁን መግፋቷንም አልተወችም፤ እንባዋ ብቻ ከላቧ ጋር ወረደ።

እንደገና ቁልፉን አየሁት። ነገ ልጆቼ ምን እንደሚበሉ አላውቅም። እግሬ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ከመርገጫው አነሳሁት።

ሲንጀሬ ዝም አለች። የስምንቱም ልጆች እጅ እኩል ቆመ።

«ምነው፣ ለምን አቆማችሁ?» አለች እንግዳዋ።  ሰይፈ ሚካኤል እኔን እያየ ቁልፉን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ማርቲ ተነሳች። በጋዎኗ እጅጌ ፊቷን ጠረገችና ግድግዳው ላይ ወዳለው የፋን ማብሪያ ሄዳ ተጫነችው። ቀጭ። ደግማ ተጫነችው። ቀጭ። ከዚያ ቀና ብላ ያልዞሩትን ፋኖች አየች፤ እንግዳዋም ተከትላት ቀና አለች።